ቁልፉ ዱባይ ስለሄደው አማና

ለተከበሩ ሐጂ ጀላሉዲን
የትምህርት ቤታችን የተማሪዎች ሙዚቃ ቡድን የበጎ ፈቃደኞች ኮሚቴ ሊቀመንበር
ባሉበት፣ ዱባይ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። ሐጂ፣ ጤናዎ እንዴት ነው፣ ወገብዎስ ተሻለዎት ወይ? ዱባይ ሱቁም መስጊዱም መንገዱም ቀዝቃዛ ነው ይባላል፣ አላህ ቅዝቃዜውን ያብዛልዎት። እኛ እዚህ ጅቡቲ የኸምሲኑ ነፋስ ጀምሮ አቧራው ዓይን አያስገልጥም፣ መብራቱም ይሄዳል ይመጣል፣ ግን ስለ እኛ እንዳይጨነቁ፣ እኔ ከእህቴ በስተቀር ሁሉ አለኝ።

ሱሪያ ነኝ። ካርቲየ 3 ሰፈር፣ ከሱቅዎ ፊት ለፊት ልብስ ሰፊው በር ላይ ተቀምጣ የልብስ ጠርዝ የምትሰፋው፣ የድምፃዊቷ የተቅዋ ታላቅ እህት። ስሜን ላያስታውሱት ይችላሉ፣ ኮሚቴው "ያቺ ልጅ" ነው የሚለኝ፣ ለሙዚቃ ቡድኑ ልጆች በሙሉ የመድረክ ልብስ በነጻ ስሰፋም "ያቺ ልጅ" ነበርኩ፣ በጎ ፈቃደኛ የሚባለው ለካ ትራስ ተደግፎ የሚሰበሰብ ሰው ነው። ትምህርት አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት እና ጽሑፌ ከተጣመመ ይቅር ይበሉኝ። ቁጥር እያስቀመጥኩ የምጽፈው ጸሐፊዎ አቶ ኒዛር "አቤቱታ በተራ ቁጥር ካልቀረበ ኮሚቴው አያየውም" ስላሉኝ ነው፣ በወላጆች ዋትሳፕ ግሩፕ ላይ የለጠፍኩት ደግሞ ለእርስዎ ለብቻዎ የላክሁት ሁሉ ተነቦ ሰማያዊ እየሆነ መልስ ስላጣሁ ነው፣ ሰው ሁሉ ካየው ምናልባት እርስዎም ያዩት ይሆናል ብዬ።

አንደኛ። መጀመሪያ ምስጋና ይቅደም። ከረመዳን በፊት ኮሚቴው ጫቱ ከገባ በኋላ በርጫ ላይ ተቀምጦ፣ እኔ ሻይ ላቀብል ተጠርቼ ስለነበር በጆሮዬ ነው የሰማሁት፣ ቡድኑ ከናጋድ ጣቢያ በባቡር ተሳፍሮ ድሬዳዋ ይሂድና እዚያ ካሉ ተማሪዎች ጋር ይዝፈን ብሎ ወሰነ። ምርቃናው ሲደርስ አንዱ "ድሬዳዋ ምን አላት፣ አዲስ አበባ ይሁን እንጂ!" አሉ፣ ሌላው "አዲስ አበባ ከደረስን አይቀር፣ ከዚያ በአውሮፕላን ውጭ አገር ብንሄድስ?" አሉ፣ እርስዎ ግን ትሑት ስለሆኑ "ለጊዜው ድሬዳዋ ይበቃናል" ብለው አቆሙልን። ሮጬ ሄጄ ለተቅዋ ስነግራት አላመነችም። ድሬዳዋን አይታት አታውቅም እኮ፣ እናታችን በሆዷ ይዛት ነው ድንበሩን የተሻገረችው፣ የእናታችንን ሰፈር መጋላን የምታውቀው በወሬ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስታጥብም ስትተኛም መዝፈን ሆነ ሥራዋ፣ ይህን ደስታ የሰጧት እርስዎ ነዎትና አላህ የሥራዎን ይስጥዎት።

ሁለተኛ። የቡድን ትኬትና የድንበር ፈቃድ በአንድ ላይ ይወጣል ተብሎ ልጆቹ ሁሉ የመኖሪያ ካርዳቸውን ለእርስዎ እንዲያስረክቡ ታዘዘ። የተቅዋን ካርድ እኔ ነኝ ያመጣሁት። ሌሎቹ ልጆች ፓስፖርት አላቸው፣ አባት አላቸው፣ እሷ ያላት ያ ካርድ ብቻ ነው፣ እናታችን ከመሞቷ በፊት ስንት ጠዋት ፀሐይ ላይ ተሰልፋ ያወጣችው። እና ካርዱን ሳልለቅ "ሐጂ፣ መቀበሌን የሚል ትንሽ ወረቀት ቢጤ ቢሰጡኝስ?" ብዬ ጠየቅሁ። እርስዎ ሳቁ። "ልጄ፣ እናትሽን እኮ አውቃታለሁ፣ የመጋላ ልጅ ናት፣ በእኔና በእናንተ መሃል ወረቀት ሊገባ? ይሄ አማና ነው፣ የአላህ አደራ!" አሉኝ። ሐጂ፣ በዚያች ደቂቃ እንዴት እንዳፈርኩ፣ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር፣ አማና ላይ ወረቀት መጠየቅ ሰውየውን ሌባ ማለት ነው ተብለን አይደል ያደግነው። ይቅርታ ጠይቄዎት ወጣሁ። ካርዶቹን ሱቅዎ ውስጥ ዋንጫዎቹ ያሉበት ባለመስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጠው ቆለፉ። ስለ መስታወቱ በተለይ አመሰግናለሁ፣ ምክንያቱም የተቅዋ ካርድ በመረብ ኳሱ ዋንጫ ላይ ተደግፎ ፎቶዋ ወደ መንገዱ ዞሯል፣ ቀና ባልኩ ቁጥር ታየኛለች።

ሦስተኛ። ምርቃናው ሲወርድ ውሳኔውም አብሮ ወረደ። መጀመሪያ ረመዳን ነው ተባለ፣ ከዚያ ፈተና ነው ተባለ፣ ከዚያ የድምፅ ማጉያ ንዑስ ኮሚቴና የምግብ ንዑስ ኮሚቴ ተጣሉ ተባለ፣ ማን ምን እንዳለ አላውቅም ብቻ አስታራቂ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመ። እኔ ጉዞው ይቅር፣ ካርዷን ብቻ መልሱልኝ ብዬ ስመጣ እርስዎ ዕቃ ሊያመጡ ዱባይ ሄደዋል፣ ሱቁን አቶ ኒዛር ቢከፍቱትም የሳጥኑ ቁልፍ አብሮዎት ሄዷል። አቶ ኒዛርን "መስታወቱን ሰብረን እናውጣው፣ እኔ አስገጥማለሁ" አልኳቸው፣ ደነገጡ፣ "የአማና ሳጥን ይሰበራል እንዴ? አማና በተረካቢው ፊት እንጂ አይከፈትም!" አሉኝ። እንዴት ያለ ታማኝነት ነው፣ እህቴን እንኳ ከራሷ ካርድ ጠበቁልን። ወይዘሮ ሐዲጃ ጋ ሄድኩ፣ ገንዘብ ያዥዋ፣ እሳቸው ደግሞ ጭማቂ ቀድተው "የኔ ልጅ፣ እኛ እኮ በጎ ፈቃደኞች ነን፣ ደሞዝ የለን፣ ማንም ሊያስገድደን አይችልም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በደሞዝ ቢሆን ኖሮ የሚከሰስ ሰው ይገኝ ነበር።

አራተኛ ስለ ባጁ ነው። ካርድ የለም ብዬ ሳለቅስ አቶ ኒዛር ለተቅዋ የሙዚቃ ቡድኑን ባጅ አሠሩላት፣ ፎቶ ያለው፣ የእርስዎ ፊርማ ያለበት፣ ክብ ማኅተም የተመታበት። "ይሄ ከካርድ ይበልጣል፣ በዚህ ከተማ የሐጂን ፊርማ የማያውቅ የለም" አሏት። አምና አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው፣ እኔም አመንኩ፣ ምን ላድርግ፣ ማኅተም አየሁ።

አምስተኛ፣ አምስተኛ መሰለኝ፣ ካርቲየ 6 አፈሳ ነበር። ተቅዋ ከልምምድ እየተመለሰች ነው፣ ከበሮውን ተሸክማለች፣ በዚህ ከተማ ወበቅ ቆዳው ስለሚላላ ቤት አምጥታ ፀሐይ ላይ የምታሰጣው እሷ ነበረች። የፖሊስ መኪናው መንገዱን ሲዘጋ ሌላው ሰው ሁሉ ሮጠ፣ እሷ አልሮጠችም፣ ለምን ትሮጣለች፣ የእርስዎ ፊርማ አንገቷ ላይ አለ። ክራር የሚመታው ኢዮስያስ አብሯት ነበር፣ እሱ ነው የነገረኝ። ፖሊሱ ባጁን ገልብጦ ገልብጦ አየው፣ በፈረንሳይኛ "ቆንጆ ነው፣ ዘፋኝ ነሽ?" አላት፣ "አዎ" አለችው፣ "እንግዲያው መንገድ ላይ እየዘፈንሽ ትሄጃለሽ" ብሎ ከነከበሮዋ ጫናት።

ቁጥሩን እዚህ ላይ ልተወው ሐጂ፣ ከዚህ በኋላ ያለው በቁጥር አይሆንልኝም። ወደ ሱቅዎ ስሮጥ ጫማ አላደረግሁም ነበር። ካርዷ እዚያው አለ፣ በመስታወቱ ውስጥ፣ ያንን ይዤ ብደርስ ይለቋት ነበር፣ ሁሉም ሰው እንደሚለቋት ነው የነገረኝ። መስታወቱን በእጄ ስመታ አቶ ኒዛር ክንዴን ያዙኝና ቀስ ብለው፣ በጆሮዬ፣ "ተረጋጊ፣ ብዙ ከጮህሽ ያንቺስ ካርድ የታለ የሚል ሰው ይመጣል" አሉኝ። የእኔ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፣ ይህን ያውቃሉ። እጄን ከመስታወቱ አንስቼ ጠርዝ ልሰፋ ተመለስኩ፣ የታፈሱት ሰዎች ወደታሰሩበት በር እንኳ አልሄድኩም፣ ፈራሁ፣ ሁለታችንም ከሄድን ማን ይቀራል ብዬ። እና አሁን ይህን ስጽፍ በሩን ዘግቼ ነው፣ ውጭ መኪና በቆመ ቁጥር ስልኩን እደብቃለሁ።

የኮሚቴው ፍጥነት ግን ሳይመሰገን መታለፍ የለበትም። ካርድ ለማውጣት ምልዓተ ጉባኤ ሲጠፋ፣ የተቅዋ የድምፃዊነት ቦታ ክፍት ሆኗል ብሎ ምትክ ለመምረጥ በዚያው ሳምንት ሞላ። ኢዮስያስ "እሷ ሳትመጣ ክራር አልነካም" ሲል ደግሞ በሥነ ሥርዓት ጉድለት ከቡድኑ አገዳችሁት። እነሆ ለአንድ ከበሮና ለአንድ ክራር የሚሆን ቦታ ተለቀቀላችሁ።

ጋሽ ባንቴ የሚባሉ የከባድ መኪና ሾፌር ፖሊስ አባሮ የጣላትን ተቅዋን ደወሌ፣ ከድንበሩ ወዲያ፣ መንገድ ዳር ከበሮ ላይ ተቀምጣ አገኟት። እሷን አያውቋትም፣ ባጁ ላይ የትምህርት ቤቱን ስም አንብበው ነው የጠየቋት። ጭነው ድሬዳዋ አደረሷት፣ ሾፌሮች የሚበሉበት ምግብ ቤት ያላቸው በለጡ የሚባሉ ሴት ጋ አስቀመጧት። ደወለችልኝ። መጋላ ሄዳ ነበር፣ የእናታችንን ስም ስትጠራ የሚያውቅ ሰው አላገኘችም። ቀን ሰሐን ታጥባለች፣ ሾፌሮቹ ምሳ ሲበሉ "እስቲ ምቺልን" ይሏታል፣ ትመታለች። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት ሐጂ። "ሁሉም ጥሩ ነው" አለችኝ፣ ድምፅዋን አውቀዋለሁ፣ ስትዋሽ ይቀጥናል። ያለ ካርዱ መመለስ አትችልም፣ እኔም ከሄድኩ መመለሻ የለኝም፣ ካርዱ ደግሞ ዋንጫው ላይ ተደግፎ መንገዱን ያያል።

ስለዚህ ኮሚቴው ቃሉን እንደፈጸመ ለወላጆች ሁሉ ልመሥክር። ቡድኑን ድሬዳዋ እናደርሳለን አላችሁ፣ ከቡድኑ አንዷ ደርሳለች፣ ያውም ያለ ትኬት።

ዕድሜዎን አላህ ያርዝመው፣ ንግድዎን ያስፋው፣ ሳጥንዎን ከሰባሪ ይጠብቀው። ሰው በእጅዎ አማና ጥሎ የማይጸጸትበትን ቀን ግን ለእኔ ሳይሆን ለልጆችዎ እመኛለሁ።

አክባሪዎ
ያቺ ልጅ

ከፈረምኩ በኋላ ያስታወስኩት፦ አቶ ኒዛር ትናንት ከበሮው የኮሚቴው ንብረት ስለሆነ ባስቸኳይ እንድመልስ መልእክት ልከውብኛል። ለተቅዋ ነግሬያታለሁ። ከበሮው ደህና ነው፣ ፀሐይ ላይ እያሰጣችው ነው፣ ቆዳው እንደዚህ ሆኖ አያውቅም አለች። አማና አድርጋ ይዛላችኋለች። አማና ደግሞ በተረካቢው ፊት እንጂ አይከፈትም ብላችሁን የለ፣ ተረካቢዋም አሁን ድሬዳዋ ነው ያለችው፣ እንግዲህ ባቡሩ ከናጋድ ነው የሚነሳው፣ ቀሪዎቹ መቼ ትመጣላችሁ ብላለች።