ያለ አስታማሚ ለመዋጥ የቀረበ አቤቱታ

ለክቡር የመልሶ ማቋቋም ሕክምና ክፍል ኃላፊ፣
(ስምዎንና የሆስፒታልዎን ስም ለክብርዎ ስል ትቼዋለሁ።)

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉሮሮዎስ? ምሳዎን ያለ ሐሳብ የሚውጡበት፣ ውሃዎን ቀና ብለው ግጥም የሚያደርጉበት ጤና ሳይጓደልብዎ ዕድሜዎ እንዲረዝም ከልብ እመኛለሁ።

እኔ ሐመልማል ወልዱ እባላለሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ፣ ሸጎሌ ብቻዬን የምኖር ሴት ነኝ። ባለፈው ጥቅምት ስትሮክ መታኝ። እግሬ ተመለሰልኝ፣ ምላሴም እንደሚያዩት ከነመርዙ ተመለሰ፤ ጉሮሮዬ ግን እንደታመመ ቀረ። ቀጭን ፈሳሽ ወደ ሳንባዬ ስለሚገባ ውሃ እንኳ እንደ አጥሚት አወፍሬ ነው የምጠጣው።

ምስጋናዬን ላስቀድም። ባለሙያዎ ደራርቱ አገጬን ወደ ደረቴ ዝቅ አድርጌ መዋጥን፣ አንዱን ጉርሻ ሁለት ጊዜ መዋጥን፣ ማንኪያ በምላሴ እየገፋሁ ምላሴን ማጠንከርን በሦስት ቀጠሮ አስተማረችኝ። በሦስተኛው ቀን አንድ ማንኪያ ውሃ ሳላስል ዋጥኩ። እሷ አጨበጨበች፣ እኔ አለቀስኩ።

ቅሬታዬ እንደሚከተለው ነው፦

፩. ለአራተኛው ቀጠሮ በሁለት ታክሲ ስመጣ፣ አስታማሚ ያልያዘ ታካሚ አይስተናገድም ተብዬ ከመስኮቱ ተመለስኩ። በደንቡ አልቀየምም፤ እኔም በዘመኔ ስንቱን ባለጉዳይ አንድ ፎቶ ጎድሎሃል ብዬ መልሻለሁ። ዛሬ ሁሉንም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፪. የሰጣችሁኝ ወረቀት አጠገቤ ሰው ሳይቀመጥ እንዳልበላ ያዛል። ትእዛዝ አክባሪ ነኝና ጎረቤቴን ወይዘሮ ሾዴን ጠራሁ። ሾዴ ግን የታመመ ሰው ሲበላ እጇን አጣጥፋ ማየት አልሆነላትም፤ በሞቴ ብላ አንድ ትልቅ ጉርሻ አጎረሰችኝ። ፍቅሯን መመለስ ነውር መስሎኝ ተቀበልኩ፤ ከንፈሬ እስኪጠቁር ትን አለኝ። ከዚያ ወዲህ ልገድላት ነበር እያለች በምግብ ሰዓት ደጄን አትረግጥም። ሌሎቹም እኔ ፊት መብላት ጭካኔ መስሏቸው ቤታቸው በልተው ነው የሚጠይቁኝ። ሁሉም እያዘነልኝ ብቻዬን ቀረሁ።

፫. ይህ እንኳ ቅሬታ ሳይሆን ሪፖርት ነው። ወረቀቱ ሰው ይኑር እንጂ ማን ይሁን ስለማይል፣ ስበላ መስታወት ፊቴ አቆማለሁ። ሳል ሲይዘኝ የመስታወቷም ሴትዮ አብራኝ ታስላለች እንጂ ጀርባዬን አትመታልኝም። ክቡር ሆይ፣ ከሳሉ ይልቅ እሷን ማየቱ ነው የሚያመኝ።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያለ አስታማሚ አራተኛው ቀጠሮ ይፈቀድልኝ። ለፋሲካ ከሾዴ ጋር ከአንድ ትሪ መብላት እፈልጋለሁ፣ እሷም ሳትፈራኝ።

አገጯን እንደታዘዘችው ወደ ደረቷ ዝቅ አድርጋ በታላቅ አክብሮት የምትሰናበትዎ፣
ሐመልማል ወልዱ
ከሸጎሌ፣ ጉለሌ

ማስታወሻ፦ የቀጠሮውን ቅጽ ባለፈው ሰኞ ሞልቼ ለመስኮቱ አስገብቻለሁ። የአስታማሚ ስም በሚለው ቦታ የእርስዎን ሙሉ ስም ጻፍኩ፤ ማንም ሳያነበው ማኅተም ተመታበት። ስለዚህ በደንቡ መሠረት አስታማሚዬ እርስዎ ነዎት። ምሳ የምበላው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። መስታወቱን አነሣዋለሁ፤ እርስዎ መጥተው መቀመጥ ብቻ ነው የሚጠበቅብዎት።