የእናታችን ስኳር የወረደ ዕለት

ለእህቴ ለሰአዳ፣ ኮምቦልቻ

እህት ዓለም፣ ሰላምታዬ ከዚህ ሙቀት ተነስቶ አንቺ ዘንድ ይድረስ። ለመሆኑ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽ ተሻለሽ? ባለቤትሽ አብዱልባሲጥ፣ ልጅሽ ሪድዋናስ ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም አለን፤ እናታችንም አለች። በስልክ ያልነገርኩሽን ልጽፍልሽ ነው፤ ስደውል አጠገቤ ሆና ትሰማለች።

እናታችን የስኳር መርፌ ከጀመረች አምስት ወር ሆናት። ጠዋትና ማታ የምወጋት እኔ ነኝ። ሚስቴ ነሲባ መርፌ ስታይ ክፍሉን ለቃ ትወጣለች፤ እናታችንም ከእኔ በቀር ማንንም አታስነካም። ድንበር አጠገብ ካለችው ማታር ወርጄ ለሱቄ ዕቃ ካመጣሁ አምስት ወር ሆነኝ። እዚሁ ቅርብ አቦቦ እንኳ የምሄደው ሰዓት እያየሁ ነው። መብራት ስለሚጠፋ መድኃኒቱን ነርሷ ኛኬር እንዳሳየችኝ እርጥብ አሸዋ ውስጥ በተቀበረ ማሰሮ አስቀምጠዋለሁ፤ አሸዋውን የማርሰውም እኔው ነኝ።

ያለፈው ማክሰኞ ጠዋት ስለካት መሣሪያው 62 አለ። ሁልጊዜ ከ200 በላይ ነበር። «እማዬ፣ ስኳርሽ ወረደልሽ» አልኳት፤ ማስታወሻዬ ላይም «ዛሬ ወርዷል፣ እሰይ» ብዬ ጻፍኩ። እሷም ደስ አላት። ላብ ላብ ብሏት ነበር፤ የሙቀቱ ነው አልን። የተለመደውን መጠን ወግቻት ሱቅ ልከፍት ወጣሁ። ለካ ቁርሷን «አላሰኘኝም» ብላ ትታዋለች። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ነሲባ እየሮጠች መጣች። ስደርስ ልብሷ በላብ ርሷል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ እኔንም በአባታችን ስም ጠራችኝ።

ጤና ጣቢያው ቅርብ መሆኑ በጀን። ኛኬር መዋጥ መቻሏን አይታ ስኳር በውሃ በጥብጣ አጠጣቻት፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግማ ለካቻት፤ ከዚያ ዳቦ አበላቻት። እናታችን ዓይኗ ሲመለስ ነርሷ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ነጋዴ፣ የጤፍ ዋጋ የወረደ መሰለህ?» አለችኝ። ከ70 በታች ከሆነ መርፌ የለም፣ መጀመሪያ የሚጣፍጥ ነገር ስጣት፤ ራሷን ከሳተች ግን በአፏ ምንም ሳታደርግ ወደ ሆስፒታል ሩጥ አለች። «ከምግብ በፊት» ማለትም ምግቡ ፊቷ ቀርቦ ነው ብላ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።

አንቺን አልዋሽሽም። በነጋታው ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ለእናታችን ስነግራት፣ ግማሽ ልቤ «እንግዲህ ያንተ እጅ ይቅርብኝ» እንድትለኝ ይመኝ ነበር። ጎረቤታችን ሺታዬ ልማርና ልውጋት ብላኝ ነበር። እናታችን ግን «አንተስ አንዴ ደንግጠሃል፤ ሺታዬ ደግሞ በእኔ ላይ ልትደነግጥ ነው?» ብላ ሆዷን ገልጣ ሰጠችኝ። ወጋኋት። ከዚያ ወዲህ ከዚህ ሥራ መውጫውም ጠፋኝ።

አሁን ረመዳን ሊገባ አንድ ወር ቀርቶታል። ሐኪሙ ቢከለክላትም «እጾማለሁ» ትላለች። እኔ ስናገር ትስቃለች፤ አንቺን ግን ትሰማለች፤ ከእጅሽም መርፌ አትሸሽም። ኛኬርም «እህትህን መርፌ መውጋት በሦስት ቀን አስተምራታለሁ» ብላለች። እንደ ሌላው ጊዜ «እናያለን» ብለሽ አትመልሺልኝ፤ የምትመጪበትን ቀን ጻፊልኝ።

አብዱልባሲጥን በጣም ሰላም በይልኝ፣ ሪድዋናን ሳሚልኝ። ነሲባ ናፍቃሻለች። እናታችን «ደህና ነኝ፣ በመንገድ አትልፋ በላት» ብላለች፤ አትስሚያት።

ወንድምሽ ሱሩር
ጋምቤላ፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.