ፀሐይ ላይ የተሰጣው ቆሻሻ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤

ለመሆኑ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? የቆሻሻ መጣያውን በር ሲጠብቁ ሲውሉ አሁንም ያምዎታል? የእማዬ ሳልስ ቀለል አለላት ወይስ ያው ነው? እኔ ከብርዱና ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ።

አባዬ፣ ባለፈው በስልክ «የላክሁት ቆሻሻ አሳፈረሽ ወይስ አኮራሽ?» ሲሉኝ «መስመሩ ተቆራረጠ» ብዬ ዘጋሁት። መስመሩ ደህና ነበር።

እኔና የሥራ ባልደረቦቼ እዚህ ባዕድ አገር የተላክነው ከከተማችን ቆሻሻ መብራት የሚያወጣ መሣሪያ ልንመርጥ ነው። አንዱ ቆሻሻውን የሚያነድ ትልቅ ምድጃ ነው። ሌላው እንደ ጋን የተዘጋ ታንከር ሲሆን ልጣጩንና የምግብ ትራፊውን አብላልቶ ጋዝ ያወጣል። ልቤ ከታንከሩ ጋር ነበር። የእኛ ቆሻሻ ውኃ እንደሚበዛው ከመጣያው አጥር ሥር ያደግሁ ልጅ እንዴት ይጠፋኛል?

የሙከራው ዕለት እርስዎ ለናሙና ሞልተው የላኩት በርሜል ሲከፈት ሽታ እንኳ አልነበረውም። ደረቅ እንጨት፣ ተጣጥፎ የተደረደረ ወረቀት፣ በእርስዎ አስተሳሰር የተቋጠረ ካርቶን። ምድጃው ቦግ ብሎ ነደደ፤ የቡድን መሪያችን አጨበጨበ፤ ምድጃውም ተመረጠ። ለካስ «ገበናችንን ባዕድ ፊት አልዘረግፍም» ብለው ልጣጩን ለቅመው ጥለው፣ የቀረውን ፀሐይ ላይ አስጥተውት ኖሯል! ይህን በስልክ እየሳቁ ሲነግሩኝ ልሳቅ ወይስ ላልቅስ?

ለመሪያችን «ናሙናው ተለቅሞና ደርቆ ነው የመጣው፤ እንደገና እንሞክር» ብዬ ብለምነው «ውሉ ተፈርሟል፤ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም» አለኝ። ቆየት ብሎ ደግሞ በርሜሉን ማን እንደሞላው ጠየቀኝ። ምድጃው አልነድ ያለ ዕለት ጣት የሚቀስርበት ሰው ከወዲሁ እየፈለገ ነው። «አላውቅም» አልኩት። እንዳላመነኝ ከዓይኑ አይቻለሁ።

እውነቱን ልንገርዎ፣ ተስፋዬ ተሟጧል። ምድጃው እርጥቡን ለማንደድ ናፍጣ ሲጠጣ ይከርማል፣ ናፍጣው ሲያልቅ ይዘጋል። የቆሻሻው ክምር ወደ ቤታችን መጠጋቱን አያቆምም። እባክዎ ክምሩ በዝናብ ሳይናድብን፣ ክረምቱ ሳይገባ እማዬን አክስቴ ዘንድ ይውሰዱልኝ። እርስዎም እዚያው ይቆዩ ብል «ዘበኛ በሩን ጥሎ አይሄድም» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ብቻ እለምንዎታለሁ።

የእማዬን ጉልበት ይሳሙልኝ። እህቴን ከነልጆቿ ሰላም ይበሉልኝ። ያ ለፍላፊ ወንድሜም «መብራቱ መቼ ነው የሚመጣው?» እያለ እንዳያደርቅዎ ይንገሩልኝ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችንንም እንዳይረሷት።

ጥያቄዎን ሳልመልስ አልቀርም። አላሳፈሩኝም፣ አባዬ። ሁሉም ወደዱት። እንዲህ ያለ ንጹሕ ቆሻሻ አይተን አናውቅም አሉ።

ልጅዎ
ከእንግዳ ማረፊያው ክፍሌ፣ ሚያዝያ 23 ቀን