አንቀጽ አስራ አንድ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

የገበሬ መርጃ ማኅበራችን የቦርድ ስብሰባ። ከቀለም መሸጫው በላይ ያለችው ክፍላችን መስኮቷ አሁንም አይከፈትም። ራስ ምታት ይዤ ተመለስኩ። አጀንዳ አንድ፦ ገበሬዎቻችን ለከተማ የሚልኩት ማር ላይ ምን ተብሎ ይጻፍ? «የገጠር ማር» ወይስ «ንጹሕ ማር»? ሁለት ሰዓት ተኩል! ጠበቃው «ንጹሕ ካልን ማስረጃ እንጠየቃለን» አለ። ሰብሳቢው «ገጠር ካልን ደግሞ ገዢ ይሸሻል» አለ። በመጨረሻ «ማር» ብቻ ይባል ተባለ። ቃለ ጉባኤው ላይ ስጽፈው ሳቄ መጣ።

ልዩ ልዩ ላይ ስንደርስ ተናገርኩ። ልልቀቅ አልኩ። ዘጠኝ ዓመት ይበቃኛል፤ የእናቴ ዓይን እየፈዘዘ ነው፣ ጨርሶ ሳይጠፋ ሄጄ አብሬያት ልቀመጥ። ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ። «መምህርት... አንቀጽ አስራ አንድ» አለ፣ እንዳዘነ ሰው።

አንቀጽ አስራ አንድ፦ ማንኛውም የቦርድ አባል ተተኪ ሳያመጣ፣ ተተኪውም በሁሉም ድምፅ ሳይጸድቅ አይለቅም። ማን ጻፈው? እኔው! የቦርድ አባላችን የነበረው ያ የግብርና ባለሙያ መሃል መንገድ ላይ ጥሎን ሲሄድ ደሜ ፈልቶ... ያኔ አጨብጭበውልኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

እናቴ ጋ ደወልኩ። «ምንም አልሆንኩም» አለች፣ ገና ሳልጠይቃት። ጎረቤቷ ስልኩን ተቀብላ ነገረችኝ። ግድግዳ እየዳበሰች ነው አሉ ወደ ደጅ የምትወጣው። ሐኪሙ የሚመለስ ነገር አይደለም ብሏል።

ካየችኝ ሁለት ዓመት ሆናት። ስብሰባው በየሳምንቱ፣ መንገዱ መሄጃው ብቻ ሁለት ቀን። እናቴን ለሁለት ቀን ልምጣ አልኳት። «ለሁለት ቀን ከሆነስ አትምጪ» አለች። «መሄድሽን እያሰብኩ ፊትሽን ሳላየው ትሄጂብኛለሽ። ጠግቤ ልይሽ፤ ሌላ ምን አለኝ?»

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ተተኪ ፍለጋ ስንከራተት ወር ሊሞላኝ ነው። ፋርማሲስቷ ጊዜ የለኝም አለች። የአክስቴ ልጅ ሳቀ፣ ብቻ ሳቀ። አብሮኝ ያስተምር የነበረው ጡረተኛ እሺ አለ፣ ሚስቱ እምቢ አለች። የማውቃቸው ሰዎች መንገድ ላይ ሲያዩኝ ማዶ መሻገር ጀምረዋል።

ለምን ዝም ብዬ አልሄድም? ያው... አምስታችንም የቦርድ አባላት ካልተሟላን ውሳኔ የለም። ውሳኔ ከሌለ ዘሩ ከዘር ቤቱ አይወጣም። መቶ ሰባ ቤተሰብ የበልግ ዝናብ ሲመጣ ባዶ እጁን ይቀመጥ? ይሉኝታውስ? የራሴን ሕግ ራሴ ልጣስ? በገዛ እጄ!

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 9

ለጉብኝት መንደር ወጣሁ። የዘር ቤቱን የምትጠብቀውን ሴት፣ ሁሉም «ባለዘሯ» የሚላትን፣ ባቄላ ስትለቅም አገኘኋት። እያወራችኝ፣ ወደ ሰፌዱ ሳታይ፣ የነቀዘውን በጣቷ እየለየች ታወጣለች። ድንገት ከአፌ አመለጠኝ።

«አንቺ ለምን የቦርድ አባል አትሆኚም?»

«እትዬ፣ ስብሰባችሁ መቼ ነው?»

«ሐሙስ።»

«ሐሙስ እኮ ገበያችን ነው።»

ዘጠኝ ዓመት! ለእነዚህ ሰዎች ብለን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ ስንሰበሰብ አንዳችንም... እንዲያውም «ስንጠራችሁ ለምን አትመጡም» ብለን በደብዳቤ ወቅሰናቸዋል። ደብዳቤውን የጻፍኩትም እኔ ነኝ። የምገባበት ጠፋኝ።

«ቀኑ ቢለወጥስ?»

«ያኔ እናያለን» ብላ ወደ ባቄላዋ ተመለሰች።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 10

ስሟን አቀረብኩ። ስብሰባውም ሰኞ ይሁን አልኩ። ከጠበቃው በቀር ሁሉም እጁን አወጣ። «ተረጂ እንዴት አስተዳዳሪ ይሆናል?» አለ ጠበቃው። «ደግሞስ ቃለ ጉባኤውን ማን ያነብላታል?» ራሷ ታነባለች አልኩት። ካንተ የእጅ ጽሑፍ በቀር ሁሉን ታነባለች... ይቺን እንኳ እዚሁ ደብተሬ ላይ ነው የምላት፣ እዚያ አልደፈርኩም።

ሰብሳቢው ደረጃው ላይ ተከትሎኝ መጣ። «እኔ እኮ ካንቺ ጋ ነኝ። ቀስ ብለን እናግባባዋለን።» ቀስ ብለን! ለእናቴ ዓይን ንገርልኝ።

ዓርብ፣ ጥር 2

እናቴ ከእንግዲህ ራሷ አትደውልም። ቁጥሮቹ አይታዩኝም አለች።

እሑድ፣ ጥር 11

የዚህን ሳምንት ሐሙስ ልቅርና ሁለት ቀንም ቢሆን ልሂድ ብዬ ትኬት ቆረጥኩ። ሰብሳቢው ደወለ። የዘሩ ድልድል ማክሰኞ በአስቸኳይ ይታያል፣ አምስት መሙላት አለብን። ትኬቱን መለስኩ። በማን ልናደድ? ሕጉ ግርጌ ያለው ፊርማ የኔ ነው።

ለባለዘሯ ደውዬ አልተሳካም አልኳት። ለምን አለች። አንድ ሰው አልፈለገም አልኳት። «እኔን?» ብላ ዘጋችው።

ሐሙስ፣ ጥር 15

ስብሰባው መሃል ላይ በሩ ተከፈተ። ባለዘሯ! ደረጃውን በሩጫ ወጥታው ኖሮ እያለከለከች።

«ገበያዬን ለጎረቤት ትቼ ነው የመጣሁት» አለች። «እኔን የማይፈልግ ሰው አለ አሉኝ። ካለ ፊት ለፊት ይንገረኝና ልመለስ።»

ጠበቃው ወረቀቱን አገላበጠ። እስክሪብቶው ወደቀበት። ጎንበስ ብሎ ፈለገ... ፈለገ... አንድ እስክሪብቶ ይሄን ያህል ይጠፋል? «ኧረ ማን እምቢ ይላል፣ እህቴ!» አለ ከጠረጴዛው ስር።

ሰብሳቢው ትንፋሽ አልሰጠውም። «እንግዲያው እጅ እናውጣ!» አምስት እጅ። እኔን ዘጠኝ ዓመት አስሮ ያስቀመጠኝ ይሉኝታ እሱንም በአንዴ ጠፍሮ ያዘው።

ተነስቼ ወንበሬን ለቀቅኩላት። ገና ሳትቀመጥ «ከዛሬ ጀምሮ ሰኞ ነው አይደል?» አለች። ቃለ ጉባኤው ላይ «ሰኞ» ብዬ ጻፍኩላት። በደስታ ላለቅስ ነበር። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ።

እሑድ፣ ጥር 18

ትናንት ከሰዓት ደረስኩ። እናቴ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሦስት እርምጃ ያህል ሲቀረኝ ቆምኩ። ፀሐይ ፊቴ ላይ ነበረች። ቀጥታ ወደኔ ዞራ «ማነው?» አለች።

ዓይኗ ከጠፋ አስር ቀን ሆኖታል። ጎረቤቷን አትንገሪያት ብላታለች። እዚያ ሆኜ እንዳልጨነቅ... ስልክ ላይ ስታወራኝ፣ ያን ሁሉ ስትስቅ፣ አታይም ነበር ማለት ነው።

አልቅሼ ሳበቃ ፊቴን በእጇ ፈለገች። ግንባሬን፣ አፍንጫዬን፣ ጉንጬን።

«ከስተሻል።»

«አልከሳሁም።»

«ፀጉርሽስ? ሸበተ እንዴ?»

በእነዚህ ሁለት ዓመታት አንድ ጥቁር አልቀረኝም።

«ትንሽ» አልኳት። «እዚህ ጋ ብቻ።» እጇን ይዤ ጆሮዬ አጠገብ አደረግኩላት።