በጀርባ የሚሰማ ድምፅ

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድም ጋሼ፣

ከሁሉ በፊት ጤናህ እንዴት ነው? እጆችህስ? በመጋዝ የተቆረጠው አውራ ጣትህ ድኖ እንደሆነ እማዬን በስልክ ብጠይቃት «ደህና ነው፣ ደህና ነው» ብላ አለፈችኝ። እሷ መቼም ቤቱ ቢቃጠልም «ደህና ነው» ነው የምትለኝ። ስለዚህ ካንተ ከራስህ መስማት እፈልጋለሁ። መስማት አልኩህ? ማንበብ ለማለት ነው፤ እንዲህ ስል እንደምትስቅብኝ ይታየኛል። ባለቤትህስ ወገቧ ተሻላት? ልጃችሁ ቀበጧስ የፊት ጥርሶቿ በቀሉላት? የእማዬ ጉልበትስ ብርዱን እንዴት ቻለው? እኔ ይመስገነው ቆሜ እሄዳለሁ። ናፍቆታችሁ ግን ጠንቶብኛል፤ ካንተ ልደብቀው አልችልም።

ለምን በስልክ መልእክት አልላክሽልኝም እንዳትለኝ። ያቺ ባለቁልፍ ስልክ የቤቱ ሁሉ ናት፤ የጻፍኩልህን እማዬ ለጎረቤቱ ሁሉ ታስነብበዋለች። ደግሞም የእኔና ያንተ ጨዋታ ከልጅነታችን ጀምሮ በእጅ ነው፤ እጅህ ሩቅ ሲሆን ወረቀት ይሻላል።

የምሠራበት ቤት፣ እንደምታውቀው፣ አረጋውያንና ከሕመም የሚያገግሙ ሰዎች የሚያርፉበት ነው። እኔ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያው ጋ ነኝ። አንሶላው፣ ፎጣው፣ የትራስ ልብሱ በጋሪ እየተጫነ ይወርድልኛል፤ አጥቤ፣ አድርቄ፣ አጥፌ እመልሰዋለሁ። ማሽኖቹ ሲዞሩ ሰው ቢጠራኝ አልሰማም፤ ደግሞ የሚጠራኝም የለም። አንዳንድ ቀን ክፍሌ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ፣ ጠዋት ለዘበኛው «እንደምን አደርክ» ካልኩት ወዲህ አፌን እንዳልከፈትኩ ትዝ ይለኛል። የአገሩን ቋንቋ ለምጄዋለሁ፤ ያጣሁት የማወራው ሰው ነው። መስኮቴ የሚያሳየኝ የሌላ ቤት ግድግዳ ነው፤ እሱንም ቢሆን ለምጄው አንዳንዴ ሰላም ልለው ይቃጣኛል።

እርጥብ አንሶላ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ እርጥብ ሳንቃ የምትሸከም ሰው ስለሆንክ ትገምተዋለህ። ቀኝ ትከሻዬ አልታዘዝ ካለኝ ከራርሟል። የሚብስብኝ ደግሞ ስተኛ ነው። በዚህ ጎን ብል በዚያ ጎን ብል፣ እንቅልፍ እንዳኮረፈ ሰው ዞር ብሎም አያየኝም። ይህን ለእማዬ እንዳትነግራት፣ አደራ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እዚህ ቤት ውስጥ «የድምፅ ክፍል» የሚባል አለ። የምትይዘው ባለሙያ ቀጠን ያለች ሴትዮ ናት፤ ሁልጊዜ የተኛ ሰው አጠገብ ያለች ይመስል ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስለምታወራ፣ እኔ በሆዴ ሹክሹክታ ብያታለሁ። ክፍሉ መሃል አንድ አልጋ አለ። ላየው ሰው አልጋ ነው፤ ፍራሹ ሥር ግን የድምፅ ማጉያዎች ተገጥመውበታል። ከነሱ የሚወጣው ወፍራምና ዝቅ ያለ ድምፅ ነው፤ ከሩቅ የሚመጣ የጭነት መኪና ዓይነት ጉርምርምታ። ከጆሮ ይልቅ በጀርባ ነው የሚሰማው። ንዝረቱ ከፍራሹ ወደ ሥጋ፣ ከሥጋ ወደ አጥንት ይገባል። ሰዎቹ የሚመጡት ሰውነታቸው እንዲፍታታ፣ እንቅልፍ እንዲወስዳቸው፣ ሕመማቸው ለዘብ እንዲልላቸው ነው። ሹክሹክታ «በሽታ አይነቅልም፤ ለአንዳንዱ ሰው ግን ፋታ ይሰጠዋል» ነው የምትለው። አለማጋነኗን ወደድኩላት።

አንድ ከሰዓት በኋላ አልጋውን ላነጥፍ ስገባ ትከሻዬን ጨብጬ ስቆም አየችኝና፣ የሚመጣው ሰው ቀርቷል፣ እስቲ ጋደም በይ አለችኝ። ጫማዬን አውልቄ አልጋው ላይ ወጣሁ፤ ማሽኑን ከፈተችው። መጀመሪያ ንዝረቱ ተረከዜን ሲኮረኩረኝ ሳቄ መጣ። ቀስ እያለ ወደ ባቴ፣ ወደ ወገቤ ወጣ፤ በመጨረሻ ደረቴ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ። ያኔ አንተ መጣህብኝ። ወንድም ጋሼ፣ እንዲህ ነው እንዴ የምትሰማው? ልጆች ሆነን የወፍጮ ቤቱን ግድግዳ ተደግፈህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ስትቆም አላፊ አግዳሚው ይስቅ ነበር። ምን እያዳመጥክ እንደነበር ገና አሁን ገባኝ። እንባዬ ወደ ጆሮዬ እየወረደ ሳለ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ስነቃ ትራሱን በለሃጭ አርሼው ነበርና፣ ራሴ ያነጠፍኩትን ራሴው ጠቅልዬ ወደ ማጠቢያ ወረድኩ። ትከሻዬ እስኪመሽ ድረስ ቀለል አለኝ፤ በማግስቱ ሕመሙ ተመልሶ መጣ። ቢሆንም ከዚያ በኋላ ሹክሹክታ ክፍሉ ባዶ ሲሆን ብቅ እንድል ትነግረኝ ጀመር።

አባባ ጫማ ሰፊው የመጡት ይሄኔ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጫማ ሲሰፉ የኖሩ፣ እንዳንተው ከልጅነታቸው ጀምሮ ጆሯቸው የማይሰማ ሽማግሌ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ እንቅልፍ እንቢ ብሏቸው፣ ወገባቸውም እየጠዘጠዛቸው፣ ሴት ልጃቸው እዚህ አስገባቻቸው። በእጅ የሚያናግራቸው አንድም ሰው ቤቱ ውስጥ የለም። ሰው ምን እንደሚያደርግ አንተ ታውቀዋለህ፤ ጆሯቸው ሥር ጎንበስ ብሎ ይጮህባቸዋል።

አንድ ቀን ጋሪዬን እየገፋሁ በኮሪደሩ ሳልፍ ከድምፅ ክፍሉ ጩኸት ሰማሁ። አስታማሚዎቹ አባባን ደግፈው አስተኝተዋቸው፣ ምንም ሳያሳዩአቸው ማሽኑን ከፍተውባቸዋል። መሬት የተንቀጠቀጠ መስሏቸው ከአልጋው ወርደው ጥግ ይዘዋል፤ ግድግዳውን በሁለት እጃቸው ሙጭጭ አድርገው ይርገፈገፋሉ። አስታማሚዎቹ «ምንም አይደለም! ምንም አይደለም!» እያሉ ይጮሁባቸዋል። ሹክሹክታ እንኳ ያን ዕለት ጮኸች።

ጋሪውን ትቼ ገባሁ። ዓይናቸው የሚያየኝ ቦታ፣ ፊት ለፊታቸው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩና በእኔና ባንተ ቋንቋ «አይዞዎት» አልኳቸው። እጄ ዝጎ ነበር፤ ካንተ ከተለየሁ ወዲህ አላወራሁበትም። ያልኩት አልገባቸውም፤ እያወራኋቸው መሆኑ ግን ገባቸው፣ መንቀጥቀጣቸውም ረገበ። ሹክሹክታን በጣም ዝቅ አድርገሽ ክፈቺው አልኳትና እጃቸውን ይዤ ፍራሹ ላይ አሳረፍኩት። ጣቶቻቸውን ዘርግተው፣ ልክ እንዳንተ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ቆዩ። «እንቅልፍ» ልላቸው ብዬ የእኛን ምልክት ሠራሁ። ዓይናቸው ፈጠጠ፤ ከዚያ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ኋላ በሥዕል ሲያስረዱኝ፣ ለካስ ያ ምልክት በእሳቸው ቋንቋ «አግቡኝ» ማለት ኖሯል! ይህን ለባለቤትህ ንገራት፣ ትሳቅብኝ። እየሳቁ አልጋው ላይ ወጥተው ተጋደሙ፤ ብዙም ሳይቆይ ማንኮራፋታቸው ማሽኑን ዋጠው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራ ስጨርስ በቀጥታ ወደ እሳቸው ነበር የምሄደው። የእኛን ምልክቶች ከእሳቸው ጋር እያደባለቅን፣ ያቃተንን በሥዕል እየሞላን እንጫወታለን። ስለ ሚስታቸው አንድ ቀን የነገሩኝ ከልቤ አይወጣም። ማታ ሚስታቸው ሲተነፍሱ ፍራሹ ይነግራቸው ነበር አሉኝ፤ ሲገላበጡም፣ ሲያስሉም፣ በሕልማቸው ሲያወሩም። ከሞቱ ወዲህ ፍራሹ ዝም አለባቸው። ይሄኛው አልጋ እሷን አይመስልም፣ ግን ዝም አይልም አሉኝ።

ስምም አወጡልኝ። አንተ ያወጣህልኝ ስም ቅንድቤ ላይ ያለችውን ጠባሳ መንካት ነው፤ የእሳቸው ደግሞ ሁለት እጅን ዘርግቶ ወደ ደረት መሰብሰብ ነው፣ አንሶላ እንደማጠፍ። እዚህ ሰዉ «የማጠቢያዋ» ነው የሚለኝ። በስሜ የሚጠሩኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ባለፈው ሳምንት ጋሪው ሲወርድ የእሳቸው ክፍል ቁጥር ያለበት ከረጢት ከብዶ መጣ። አንሶላው፣ ብርድ ልብሱ፣ የትራስ ልብሱ፣ የፍራሹም ልብስ ሳይቀር ተገፎ ገብቶበታል። የፍራሽ ልብስ የሚወርደው ሰው ለቆ ሲሄድ ወይም ሲሞት ነው። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም።

ደህና ናቸው፣ አትደንግጥ። ልጃቸው ወደምትኖርበት ከተማ ወስዳቸዋለች። የሄዱት ጠዋት፣ ማሽኖቼ ሲያጓሩ ነው። ለእኔ መንገር ለማንም ትዝ አላለውም፤ ምናቸው ነኝና? ሹክሹክታ ግን አንድ ነገር ነገረችኝ። አባባ በሩ ጋ ሲደርሱ አልወጣም ብለው ቆመው ነበር አለችኝ። «እጃቸውን እየዘረጉ፣ ወደ ደረታቸው እየሰበሰቡ፣ ደጋግመው አሳዩን። በርዷቸው መሰለንና ብርድ ልብስ ደረብንላቸው» አለች።

ስሜን እየጠሩ ነበር፣ ወንድም ጋሼ።

ስነግራት ሹክሹክታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ እስቲ አሳዪኝ አለችኝ። አሳየኋት። ስትሠራው ትራስ የምታራግፍ ነበር የምትመስለው፤ እጇን ይዤ አረምኳት። ጋደም በይና እረፊ ብትለኝ ግን ያን ቀን አልፈለግሁም፤ አንሶላዎቻቸውን ላጥብ ወረድኩ።

አሁን አንድ ነገር ልለምንህ። እማዬ ማታ ማታ ስታንጎራጉር ጀርባዋ ላይ መዳፍህን የማሳረፍ ልማድ ነበረህ፤ ታደርገዋለህ አሁንም? ድምጿን በስልክ እሰማለሁ፣ ግን ስልኩ የሚያመጣልኝ ቀጭኑን ብቻ ነው። ወፍራሙ፣ ከጎድን አጥንቷ የሚነሳው፣ እዚያው ይቀራል። እሱን የሚያውቀው ያንተ መዳፍ ነው። እባክህ ዛሬ ማታ እጅህን አሳርፍና ምን እንደሚል ጻፍልኝ። ድምጿ እየከሳ እንደሆነም አትደብቀኝ።

የእማዬን ጉልበት በእኔ ስም ሳምልኝ። ባለቤትህን እህትሽ ወገብሽን ጠብቂ ብላሻለች በላት። የቀበጧን ሁለት ጉንጮች እስክትጮህ ሳምልኝ፤ መጮኋን በምን እንደምታውቀው አንተ ታውቃለህ። ለአክስታችን፣ ለአጥር ጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋም ሰላምታዬ ይድረሳቸው። አንተንም በናፍቆት አቅፌ እስምሃለሁ።

ታናሽ እህትህ

ከማጠቢያው አጠገብ ካለችው ክፍሌ፣
እሑድ፣ ጥቅምት ፲፬ ቀን