ከፀጉር ቤቱ ጀርባ

መጋቢት 3
ወደ ወንድሜ ፀጉር ቤት ሄጄ ተስተካከልኩ። አንገቴን በምላጭ ሲጠርግልኝ እንደ ልማዴ እንቅልፍ ወሰደኝ። «ሊቁ፣ ለማንኮራፋት ነው እንዴ የመጣኸው?» አለኝ። እማዬ ከመጋረጃው ኋላ ሆና ሳቀች። የምትተኛባትን ክፍል ከሱቁ የሚለየው ያ መጋረጃ ብቻ ነው። ሳቋ ወደ ሳል ዞረ... አስሟ ነው። ተራ የሚጠብቀው ሰውዬ ወንበሩን ወደ በሩ ሳብ አደረገ። ሰሞኑን በትንፋሽ ይተላለፋል ስለሚባለው በሽታ ሰምቷል ማለት ነው።

መጋቢት 11
የመንግስት መስሪያ ቤታችን ኃላፊ እኛን አጥኚዎቹን ሰብስበው በሩን ዘግተው፣ «ሱቁን ሁሉ ብንዘጋ ስንት ሰው ይተርፋል? ስንቱስ ስራ ይፈታል? አመዛዝናችሁ አምጡልኝ» አሉን። ከጎኔ የምትቀመጠው ባልደረባዬ ቀስ ብላ፣ «ሟችን ለስራ ፈት እንዴት ነው የሚያካፍሉት?» አለችኝ። ልስቅ ፈለግሁ።

መጋቢት 13
ፀጉር ቤቶች ይዘጉ ወይስ አይዘጉ... ለኔ ደረሰኝ። ከስንቱ ስራ ይኼ! ግምቱን ትንሽ ስነካው ወዲህ ያዘነብላል፣ ትንሽ ስነካው ወዲያ። መጋረጃው ፊቴ ድቅን ይላል። እማዬ ላይ በየቀኑ የማታውቀው ሰው ትንፋሽ... ይዘጉ አልኩ። ለሀገር ብዬ ነው? ለእናቴ? ኃላፊው አልጠየቁኝም። እኔ ነኝ የምጠይቀው።

መጋቢት 15
መዘጋቱ ታወጀ። ወንድሜ ደወለ። «አንተም አለህበት?» አለሁበት አልኩት። «ያንተ ደሞዝ መቼም አይዘጋም፣ ሊቁ።»

ሚያዝያ 6
«እማዬን ወደ አንተ ውሰዳት። እኔ ደንበኞቼን በጓሮ በር ላስገባ» አለኝ ወንድሜ። ስንት ሰው መሀል ውዬ ነው የምገባው፣ ከኔ ቢይዛትስ አልኩት። «ወይስ ከሷ እንዳይይዝህ ነው የፈራኸው?» አለኝ።
ስልኩን ዘጋብኝ፤ እማዬ እዚያው እሱ ጋ ቀረች።

ሚያዝያ 19
እማዬ በስልክ ስታስል ሰማኋት። «ያው የድሮው ነው፣ ልጄ።» የድሮውን አውቀዋለሁ። ይኼ እሱ ነው?

ሚያዝያ 22
የእማዬ ምርመራ ወጣ፤ የድሮው ነው። ተመስገን።

ሰኔ 2
ፀጉር ቤቶች ተከፈቱ። ለወንድሜ ግን አይደለም። የቤቱ ባለቤት ሱቁን ለሌላ አከራይቶታል። ወንድሜ እማዬን ይዞ አንዲት ክፍል ገብቷል፣ መጋዘን ውስጥ ሲሚንቶ ይሸከማል።
ልጠይቃቸው ሄድኩ። እማዬ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ደህና ናት። በኔ ውሳኔ? ያለኔም ትተርፍ ነበር? ሱቁ የነበረበትን ቦታ ሁሉም ያውቃል። ያልመጣውን ሞት ግን ማን አየው...
ወንድሜ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ አስቀመጠኝ። ፀጉሬን ሲቆርጥ ቆየና፣ «ባትዘጉን ኖሮ ትሞት ነበር?» አለኝ።
«አላውቅም።»
«እኔም አላውቅም። እሱ ነው የሚያበግነኝ። ጎንበስ በል።»
ምላጩ አንገቴ ላይ አረፈ። መዳፉ ከሲሚንቶው ሻክሯል።
«አሁን ማንኮራፋት ትችላለህ» አለኝ።
አይኔን አልጨፈንኩም።