ጭረት ያልነካው መነጽር

ለክቡር የሠራዊቱ የትጥቅና አልባሳት መምሪያ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? በተለይ ዓይንዎ ደኅና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት መነጽር ስሠራ የኖርኩ ነኝና ከሰው አስቀድሜ የምጠይቀው ዓይኑን ነው። ይህን በአደባባይ የምጽፈው ምስጋናዬ መዝገብ ቤትዎ ገብቶ እንዳይቀር ሠግቼ ነው።

፩. ለወታደሮች የተገዛው የዓይን መከላከያ፣ አለቆች ሊጎበኙ በመጡ ቀን ታድሎ፣ ፎቶ ከተነሡ በኋላ እንዳይጫጫር ተሰብስቦ መጋዘን መግባቱን ወታደር የሆነው ልጄ ነገረኝ። ለንብረት እንዲህ የሚጨነቅ መምሪያ ስላለን ደስ ሊለን ይገባል።

፪. ይህን ሰምቼ ከማይሰበር ወፍራም ፕላስቲክ፣ ከጎን ስብርባሪ እንዳያስገባ ጠርዙን ዘግቼ፣ በገዛ እጄ አንድ ሠርቼ ላክሁለት። የእርስዎ ሰዎች ከደንብ ልብስ ውጭ ነው ብለው ወሰዱበት። በወሰዱበት በአሥራ አንደኛው ቀን አጠገቡ የፈነዳው የከባድ መሣሪያ ጥይት ግን ደንቡን አላነበበም፤ ጠጠሩንና ብረቱን ፊቱ ላይ በተነው።

፫. ጓደኞቹ ደሙን ለማቆም ሲሉ ዓይኖቹን በጨርቅ ጥብቅ አድርገው አሰሩለት። አልፈርድባቸውም፤ የቆሰለ ዓይን እንደማይጫኑት፣ ኩባያ በመሰለ ነገር ብቻ ከልለው ለሐኪም እንደሚያደርሱት ማን ነግሯቸው? ሐኪሙ ግራው ያኔውኑ ጠፍቶ እንደነበር፣ ቀኙ ግን ባይጫኑት ሊተርፍ ይችል እንደነበር ነገረኝ። ሦስት ወር ሰልፍ ያስተማሩ ሰዎች ለዓይን ግማሽ ሰዓት ማጣታቸውን እረዳለሁ፤ ሥራ ይበዛባቸዋል።

የወሰዱበትንም መነጽር ከልብሱ ጋር ስለመለሱልን እግዜር ይስጥልን። አገላብጬ አየሁት፤ አንዲት ጭረት የለበትም። ልጄ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ከሆስፒታል በወጣ ቀን ፊቴን በእጁ ዳሰሰና ከስተሃል አባዬ አለኝ። ሱቄን ዘግቼ አለቀስኩ፤ ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳትም፣ ከእርስዎ ግን ምን እደብቃለሁ?

ታናሽ እኅቱ እዚያው ጦር ውስጥ ናት። ለእሷም ሠርቼ ልኬያለሁና ታጠልቀው ዘንድ እንዲፈቅዱላት በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና የጠራ እይታ እየተመኘሁ፣
የመምሪያዎ ውለታ በየማለዳው የሚታወሰው
መነጽር ሠሪው

ማሳሰቢያ፦ ልጄ ስለ ራሱ ዓይን ጠይቆኝ አያውቅም፤ በየቀኑ የሚጠይቀኝ ለእኅቱ መፈቀዱን ነው። እኔም ተፈቅዶላታል ብዬዋለሁ። መልስዎን ጮክ ብዬ የማነብለት እኔው ስለሆንኩ፣ እባክዎ ክቡር ሆይ፣ ልጄ ፊት ውሸታም አያድርጉኝ።